ጠያቂው ተጠያቂ ሲሆን፦ ከጋዜጠኝነት ወደ ፖለቲካ የሚወስደው መንገድ

ምርጫ በቀረበ ቁጥር በደሴ ፒያሳም ሆነ በኮምቦልቻ ቡና ቤቶች አንድ ክርክር አይጠፋም። ትናንት ማይክ ይዞ ባለሥልጣን ሲያፋጥጥ የነበረ ሰው ዛሬ በዕጩነት ሲቀርብ፣ አንዱ «ደግ አደረገ፤ ችግራችንን ከማንም በላይ ያውቀዋል» ይላል። ሌላው «ድሮስ ለዚሁ አልነበር የሚጮኸው?» ብሎ ሰውየው እስከ ዛሬ የሠራውን ዘገባ ሁሉ ወደ ኋላ ተመልሶ ይጠራጠራል። ባለጉዳዩ ዓመታትን በውጭ አገር ያሳለፈ ከሆነ ደግሞ ሦስተኛ ጥያቄ ይከተላል፦ «ለመሆኑ የየት አገር ዜጋ ነው?»

ጥያቄዎቹ በጨዋታ መካከል ተደባልቀው ይነሳሉ እንጂ የየራሳቸው መልስ አላቸው። የመጀመሪያው ስለ ችሎታ ነው፤ መረጃ ፈልፍሎ ማውጣት የሚችል ሰው መሥሪያ ቤት መምራትስ ይችላል ወይ? ሁለተኛው ስለ እምነት ነው። ሦስተኛው የሕግ ጥያቄ ስለሆነ መልሱ የሚገኘው አዋጅ ውስጥ ነው። ሦስቱን ለያይቶ ለማየት ከራሳችን የፖለቲካ ቁስል ራቅ ያለ ምሳሌ መውሰድ ይረዳል። ለዚህ ከሙስጠፋ ናዬም የተሻለ ሰው ማግኘት ይከብዳል። በስደት ባደገበት አገር ጋዜጠኛ፣ ቀጥሎ አክቲቪስት፣ ከዚያም የፓርላማ አባልና የመንግሥት ኃላፊ ሆኗል። የመጨረሻው ትልቅ ሥራው በጦርነት የፈረሰን መልሶ መገንባት ስለነበር ታሪኩ ለወሎ አንባቢ ሩቅ አይሆንም።

ከካቡል እስከ ኪየቭ

ናዬም የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1981 በአፍጋኒስታን ዋና ከተማ በካቡል ነው (ከእሱና ከዩክሬን ታሪክ ጋር የሚጠቀሱት ወራትና ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የሶቪየት ጦር አገሩ ከገባ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። እናቱን በልጅነቱ አጣ። ቤተሰቡ በሞስኮ በኩል አድርጎ በ1990 ገደማ ዩክሬን ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ የተጠጉበት ሶቪየት ኅብረት ራሱ ፈረሰና ልጁ በአዲሲቱ ዩክሬን አደገ። በኪየቭ ፖሊቴክኒክ የተማረው ከጠፈርና አቪዬሽን ቴክኖሎጂ ጋር የተያያዘ ምህንድስና ነው። ጋዜጠኝነትን በሥራ ላይ ነው የተማረው።

ስሙ የታወቀው «ኡክራይንስካ ፕራቭዳ» በተባለው የኢንተርኔት ጋዜጣ ነው። የዚህ ጋዜጣ መሥራች ጆርጂ ጎንጋዜም ከሌላ አገር የመጣ፣ በጆርጂያ ዋና ከተማ በትብሊሲ የተወለደ ጋዜጠኛ ነበር። ጋዜጣውን በ2000 መሠረተ፤ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ታፍኖ ተገደለ። ናዬም ወደ ሙያው ሲገባ ጥያቄ መጠየቅ ምን ሊያስከፍል እንደሚችል በዚያ የዜና ክፍል ውስጥ የማያውቅ አልነበረም።

የናዬም ዋና ርዕሰ ጉዳይ የባለሥልጣናት ሀብት ነበር። በጊዜው ፕሬዚዳንት የነበሩትን ቪክቶር ያኑኮቪችን ከኪየቭ ወጣ ብሎ በሜዢሂሪያ ስለሚገኘው የተንጣለለ መኖሪያቸው በጋዜጣዊ መግለጫ ላይ በግልጽ ጠይቋቸዋል። የረባ መልስ አላገኘም። መልሱ የተገኘው ፕሬዚዳንቱ በየካቲት 2014 (እ.ኤ.አ.) ሲሸሹ ነው። የግቢው ሰዎች የሒሳብ ሰነዶችን ውኃ ውስጥ ጥለዋቸው ነበር። ጠላቂዎች አወጧቸው፤ ጋዜጠኞችም የራሰውን ወረቀት አንድ በአንድ እየገለጡ በዚያው ግቢ ባለው የሳውና ክፍል ሙቀት አደረቁት፣ ፎቶ አንስተውም ለሕዝብ ይፋ አደረጉት። እርጥብ ደረሰኝ በትዕግሥት ማድረቅ፦ የዚህ ሙያ ጉልበት ያለው እዚያ ላይ ነው።

አንድ የፌስቡክ ጽሑፍ ምን ሠራ?

እ.ኤ.አ. ኅዳር 21 ቀን 2013 የዩክሬን መንግሥት ከአውሮፓ ኅብረት ጋር ሊፈራረም የተዘጋጀውን የትብብር ስምምነት ማገዱን አስታወቀ። በዚያ ምሽት ናዬም በፌስቡክ ገጹ ላይ አጭር ጥሪ ጻፈ። ይዘቱ ሲጠቃለል፦ ዛሬ ከእኩለ ሌሊት በፊት ወደ ማይዳን ለመውጣት የተዘጋጀ ማነው? ላይክ አይቆጠርም፤ «ዝግጁ ነኝ» ብላችሁ ጻፉ፤ ከሺህ ካለፍን እንደራጃለን የሚል ነበር። ማይዳን በዩክሬንኛ አደባባይ ማለት ነው፤ በተለይ የኪየቭ የነፃነት አደባባይ ይጠራበታል። ጥቂት ቆይቶ ሰዓቱንና ቦታውን ቆረጠ፤ ሞቅ ያለ ልብስ፣ ጃንጥላና ሻይ ይዛችሁ ኑ አለ።

ጽሑፉ የሠራበትን ምክንያት መረዳት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ብዙዎች «ማኅበራዊ ሚዲያ መንግሥት ጣለ» ብለው ያልፉታል። ሰው የተቆጣበትን ነገር ብቻውን ይዞ ቤቱ የሚቀመጠው ሌላው ይወጣ እንደሆነ ስለማያውቅ ነው። እያንዳንዱ ሌላውን ይጠብቃል፤ ሁሉም ሲጠባበቅ ቀኑ ያልፋል። ላይክ ይህን አይፈታም፤ የሚያስከፍለው ነገር ስለሌለ ማንም አያምነውም። በስም የተጻፈ «ዝግጁ ነኝ» ግን ቃል መግባት ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ለሁሉም ይታያል። በዚህ ላይ አንድ ሰዓትና አንድ ቦታ ሲጨመር ተበታትኖ የነበረው ቁጣ መገናኛ ያገኛል። አሠራሩ ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ ጽሑፉ ብቻውን አብዮት አላመጣም። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰልፎች በብዛት የተማሪዎችና የወጣቶች ነበሩ። ነገሩን የለወጠው ኅዳር 30 ሊነጋጋ ሲል ፖሊስ አደባባዩ ላይ የነበሩትን ወጣቶች በዱላ መደብደቡ ነው፤ ከዚያ በኋላ ወላጆች ወጡ። እስከ የካቲት ድረስ ወደ 100 የሚጠጉ ሰዎች ተገደሉ፣ ፕሬዚዳንቱ ሸሹ፤ ከዚያም ሩሲያ ክሪሚያን ያዘች፣ በምሥራቅ ጦርነት ተነሳ። ጥሪ ያቀረበ ሰው የሚከተለውን ሁሉ አስቦ አያቀርብም፤ ግን የሚከተለው ሁሉ ከስሙ ጋር ይነሳል።

በጋዜጠኛና በአክቲቪስት መካከል ያለው ድንበር እዚህ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አክቲቪስት ማለት ለአንድ ዓላማ ሰዎችን የሚያነቃና የሚያስተባብር ሰው ማለት ነው። ጋዜጠኛ «ይህ ሆኗል» ይላል፤ አክቲቪስት «እንግዲህ ውጡ» ይላል። ወሎ ይህን ልዩነት ከራሱ ታሪክ ያውቀዋል። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በ1966 ዓ.ም. መባቻ የወሎን ረሃብ ለዓለም ያሳየ ዘገባ ሠራ። ዘገባው ዕርዳታ አስገኘ። ከአንድ ዓመት በኋላ ደግሞ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ደርግ ያንን ምስል ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር እያፈራረቀ በቴሌቪዥን አሳየው፤ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ዲምብልቢ ማንንም ውጡ አላለም፤ ምስሉን ለፖለቲካ ያዋሉት ሌሎች ናቸው። ናዬም ግን ራሱ ጠራ። ከዚያች ምሽት በኋላ ገለልተኛ ነኝ ሊል አይችልም፤ እሱም አላለም።

ከአደባባይ ወደ ምክር ቤት

በጥቅምት 2014 (እ.ኤ.አ.) ናዬም፣ የሥራ ባልደረባው ሰርሂ ሌሽቼንኮና የሲቪክ ማኅበረሰብ አክቲቪስቷ ስቪትላና ዛሊሽቹክ በአዲሱ ፕሬዚዳንት በፔትሮ ፖሮሼንኮ ፓርቲ ዝርዝር ፓርላማ ገቡ። ብዙ ደጋፊዎቻቸው የተከፉት በዚህ ነው። ፖሮሼንኮ በቸኮሌት ንግድ የከበሩ፣ የቴሌቪዥን ጣቢያም የነበራቸው ባለሀብት ናቸው። «ኦሊጋርክ» የሚለው ቃል በዚያ አገር የሚውለው ሀብቱን ለፖለቲካ ተጽዕኖ፣ ፖለቲካውን መልሶ ለሀብት ለሚያውል ሰው ነው፤ ጋዜጠኞቹ ለዓመታት ሲያጋልጡ የኖሩትም ይህንኑ ሥርዓት ነበር።

የእነሱ መከራከሪያ በምርጫ ሥርዓቱ ላይ ያረፈ ነበር። በዚያን ጊዜ የዩክሬን ፓርላማ ግማሹ በፓርቲ ዝርዝር ይሞላ ስለነበር ትልቅ ፓርቲ የሌለው ሰው በቀላሉ አይገባም ነበር። በኢትዮጵያ ሥርዓቱ ሌላ ነው። ዕጩው በአንድ የምርጫ ክልል በስሙ ቆሞ አብላጫ ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል፤ ስለዚህ ታዋቂ ድምፅ ያለው ጋዜጠኛ ለፓርቲ የበለጠ ይፈለጋል። ፓርቲው ስሙን ይፈልገዋል፤ ሐሳቡን መፈለጉ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ሪፎርም የሚለው ቃል ነባሩን ሥርዓት ሳያፈርሱ አሠራሩን በሕግና በአደረጃጀት ማሻሻል ማለት ነው። ናዬም ከተሳተፈባቸው ማሻሻያዎች በግልጽ የታየው የፓትሮል ፖሊስ ነው። በጉቦ የታወቀው የትራፊክ ፖሊስ ተበተነ፤ በፈተና የተመረጡ፣ ሻል ያለ ደመወዝ የተቆረጠላቸው ወደ 2000 የሚጠጉ አዲስ ምልምሎች በሐምሌ 2015 በኪየቭ ቃለ መሐላ ፈጽመው ሥራ ጀመሩ። የተሳካው የድሮውን ከማጠብ ይልቅ በቦታው አዲስ በመትከሉ ነው። ውጤቱ ውስን የሆነው ግን ለውጡ እዚያው ላይ ስለቆመ ነው፤ አዲሱ ፖሊስ የያዘውን ተጠርጣሪ የሚያስረክበው ለነባሩ መርማሪ፣ ለነባሩ ዐቃቤ ሕግና ለነባሩ ፍርድ ቤት ነበር።

መልሶ ግንባታው

ከፓርላማ በኋላ ናዬም በመንግሥት የመከላከያ ኢንዱስትሪ፣ ቀጥሎም በመሠረተ ልማት ሚኒስቴር ምክትል ሆኖ ሠራ። በጥር 2023 (እ.ኤ.አ.) የመልሶ ማቋቋምና የመሠረተ ልማት ልማት ኤጀንሲ ኃላፊ ሆነ። መንገድ፣ ድልድይ፣ የፈረሰ ቤት፣ የኃይል ተቋማትን ከጥቃት የሚከላከል ግንባታ፣ ሁሉም በዚህ መሥሪያ ቤት ያልፍ ነበር። በሰኔ 2023 የካኾቭካ ግድብ ሲፈርስ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን የውኃ መስመር የዘረጋውም ይኸው ኤጀንሲ ነው።

በዚያው ዓመት ኅዳር አንድ የፓርላማ አባል ከመልሶ ግንባታ ገንዘብ ድርሻ ለማግኘት ለኤጀንሲው ኃላፊ ጉቦ በማቅረብ ተጠርጥሮ በፀረ ሙስና ቢሮ ተያዘ። የቀድሞው ጋዜጠኛ እዚህ ላይ ከሥራው ጋር ተገናኘ፤ ልዩነቱ አሁን ማስረጃው በእሱ ወንበር በኩል መምጣቱ ነው። በሰኔ 2024 ግን ሥራውን ለቀቀ። የሰጠው ምክንያት ቢሮክራሲው እንቅፋት መሆኑን፣ የበጀትና የደመወዝ ቅነሳውን የሚያነሳ ሲሆን፣ የዩክሬን መልሶ ግንባታ ጉባኤ በበርሊን ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው የመንግሥት የጉዞ ፈቃድ እንደተከለከለም ገልጿል። የመልሶ ግንባታው ኃላፊ በመልሶ ግንባታው ጉባኤ ላይ አልተገኘም ማለት ነው።

ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ተይዘው ኅዳር መጨረሻ ላይ ሲለቀቁ ሆስፒታሉ፣ ትምህርት ቤቶች፣ ፋብሪካዎች ተዘርፈውና ተጎድተው ነበር። ከዚያ ወዲህ «መልሶ ግንባታ» የሚለው ቃል በዜና በየቀኑ ማለት ይቻላል ይሰማል። የሚሰማው ግን በአብዛኛው በሁለት ቀን ነው፦ የመሠረት ድንጋይ ሲቀመጥና ሪባን ሲቆረጥ። ገንዘብ የሚባክነው በእነዚህ ሁለት ቀናት መካከል ነው።

አንድ የፈረሰ የትምህርት ቤት ብሎክ ምን እንደሚያልፍ እንመልከት። መጀመሪያ የጉዳት ግምት ይሠራል፤ ግምቱ ከተጋነነ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ የተጋነነ ይሆናል። ቀጥሎ የሥራ ዝርዝሩ ከነመጠኑ ይዘጋጃል፤ ስንት ኩንታል ሲሚንቶ፣ ስንት ቆርቆሮ፣ ስንት ሜትር ኩብ ቁፋሮ። የጨረታ ማስታወቂያ ይወጣል፤ ማስታወቂያው ለስንት ቀን እንደተለጠፈ ማን ሊወዳደር እንደሚችል ይወስናል። ፖስታው ተጫራቾች ባሉበት ይከፈታል። ውል ይፈረማል፣ ቅድመ ክፍያ ይለቀቃል፣ መሐንዲስ የተሠራውን እየለካ የክፍያ ሰርተፍኬት ይፈርማል፣ በመጨረሻ ጊዜያዊ ርክክብ ይደረጋል። ከእነዚህ ደረጃዎች አንዱም ለካሜራ አይመችም። ለጋዜጠኛ ግን ከምረቃው ይልቅ ፖስታ የሚከፈትበት ማለዳ ይበልጥበታል፤ በምረቃው ቀን የቀረው ጭብጨባ ብቻ ነው።

ዩክሬን በ2016 «ፕሮዞሮ» የተባለውን የኤሌክትሮኒክ ግዥ ሥርዓት አስገዳጅ ስታደርግ የጨረታው ሰነድ፣ የተጫራቾች ዋጋና ውሉ ለማንኛውም ዜጋ እንዲታይ አድርጋለች። ጦርነቱ በከፊል ቢገድበውም ለጋዜጠኛና ለሲቪክ ማኅበር ትልቅ መሣሪያ ሆኗል። በኢትዮጵያም የኤሌክትሮኒክ መንግሥት ግዥ በፌዴራል ደረጃ ሥራ ላይ ነው። እስከ ከተማ አስተዳደርና ወረዳ ሲዘልቅ ደግሞ አንድ የደሴ ነዋሪ የቀበሌውን ጤና ጣቢያ ማን በስንት እንደሚጠግነው ከስልኩ ማየት ይችላል። ለዚህ ከተማ ይህ ከማንኛውም የምርጫ ንግግር ይበልጥ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ዜግነት፦ ሕጉ ምን ይላል?

ናዬም በስደት ቢመጣም የዩክሬን ዜጋ ሆኖ ነው የተመረጠው። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ለፓርላማ ዕጩ ዜግነትን፣ 21 ዓመት ዕድሜንና በአገሪቱ አምስት ዓመት መኖርን ይጠይቃል። እዚያው አገር የቀድሞው የጆርጂያ ፕሬዚዳንት ሚኬይል ሳካሽቪሊ በ2015 የዩክሬን ዜግነት አግኝተው የኦዴሳ ገዢ ሆነው ነበር፤ ከፕሬዚዳንቱ ጋር ሲጣሉ በ2017 ዜግነታቸው ተነጠቀ። ዜግነት በአንድ ፊርማ የሚሰጥና የሚነሳ ከሆነ የመመረጥ መብትም በዚያው ፊርማ ላይ ይንጠለጠላል።

በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥቱ የመምረጥና የመመረጥ መብትን ለኢትዮጵያዊ ዜጋ ይሰጣል፤ ማንም ዜጋ ከፈቃዱ ውጭ ዜግነቱን እንደማይገፈፍም ይደነግጋል። ይሁን እንጂ በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል፤ አገሪቱ ጥምር ዜግነት አትቀበልም። ብዙ ሰው «ቢጫ ካርድ» የሚለው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የመጣ ነው። ባለ መታወቂያው ያለ ቪዛ ይገባል፣ ይሠራል፣ ሀብት ያፈራል፤ መምረጥና መመረጥ ግን አይችልም።

የመመለሻው በር የዜግነት አዋጁ አንቀጽ 22 ነው። ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ኑሮን በኢትዮጵያ መመሥረት፣ የውጭ ዜግነትን መተው፣ ለሚመለከተው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ማመልከት። ክርክር የተነሳው ሦስቱ ሲሟሉ ዜግነቱ ወዲያው ይመለሳል ወይስ የባለሥልጣን ውሳኔ ያስፈልገዋል በሚለው ላይ ነው። የኦኤምኤን መሥራችና አክቲቪስት የነበረው ጃዋር መሐመድ በ2012 ዓ.ም. ኦፌኮን ሲቀላቀል ምርጫ ቦርድ ፓርቲውን ስለ ዜግነቱ ማብራሪያ ጠየቀ፤ ፓርቲው ሕጉ የሚጠይቀው ተሟልቷል ሲል መለሰ። ሰውየውን መውደድም ሆነ መጥላት ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሆንም። ግልጽ መመሪያና የጊዜ ገደብ ከሌለ ግን ጥያቄው ከውጭ ለሚመለስ ለሌላ ሰውም በምርጫ ዋዜማ እንደገና መነሳቱ አይቀርም።

የሚጋጩት አስተያየቶች

ጋዜጠኛ ፖለቲካ መግባቱን የሚደግፉ ሰዎች ክርክር ቀላል ነው፦ ብልሽቱን የሚያውቅ ካልገባ ማን ይግባ? የናዬም ሥራ ይህን በከፊል ይደግፋል። ሰነድ ማንበብ፣ ቁጥር ማገናኘት፣ ጉቦን ሲያይ መለየት፣ እነዚህ ልምዶች ከሙያው ጋር ተሻግረዋል። ያልተሻገረው መሥሪያ ቤት ውስጥ አጋር ማበጀትና በጀት ማስለቀቅ ነው። ጋዜጠኛ ባለሥልጣን ሲቆጣበት ሥራው ይበረታል፤ የኤጀንሲ ኃላፊ ላይ የገንዘብ ሚኒስትሩ ሲቆጣ ግን ሥራው ይቆማል።

የሚቃወሙት ደግሞ የሙያውን እምነት ያነሳሉ። በአገራችን ጋዜጠኛው እስክንድር ነጋ በ2012 ዓ.ም. የባልደራስ ፓርቲ መሪ ሲሆን ደጋፊዎቹ የትግሉ ቀጣይ ምዕራፍ አድርገው አዩት፤ ተቃዋሚዎቹ የቀድሞ ጽሑፎቹን እንደገና በፓርቲ መነጽር አነበቧቸው። ይህ ፍርድ ሁልጊዜ ፍትሐዊ አይሆንም፤ እውነተኛ የነበረ ዘገባ ጸሐፊው በኋላ ፓርቲ ስለገባ ሐሰት አይሆንም። ጉዳቱ ግን በባልደረቦቹ ላይም ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ስለ ከተማው ውኃ የሚጠይቀው ወጣት ዘጋቢ ሁሉ «አንተስ መቼ ነው የምትወዳደረው?» ይባላል።

ሦስተኛ ሐሳብም አለ፦ ጸሐፊ ተጽዕኖ ለማሳደር ወንበር አያስፈልገውም። የደሴው ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ተማሪ የነበረው ዋለልኝ መኮንን ምንም ሥልጣን አልያዘም። በኅዳር 1962 ዓ.ም. ስለ ብሔረሰቦች የጻፋት ጥቂት ገጽ ግን፣ ከሚስማሙበትም ከሚቃወሙትም ጋር፣ ዛሬም የአገሪቱ መከራከሪያ ናት። ጽሑፍ ብቻውን ይህን ያህል ይሄዳል። የማይሄድበትም ቦታ አለ፤ ጽሑፉን ሥራ ላይ ያዋሉት ሌሎች ናቸው፣ እሱም በሕይወት ቆይቶ እንዲህ ማለቴ አልነበረም ወይም ነበረ ማለት አልቻለም።

ለእኔ ሚዛኑን የሚወስነው መሻገሩ ራሱ ሳይሆን አሻጋገሩ ነው። ውሳኔው ከተወሰነ በኋላ በማይኩ ፊት የሚቆይባት እያንዳንዷ ቀን ተመልካቹን ታታልላለች። ናዬም ቢያንስ ጥሪውን በስሙ አደረገ፣ ዕጩ መሆኑን በግልጽ ተናገረ፣ ሲለቅም ምክንያቱን ጽፎ ለቀቀ።

በደሴና በኮምቦልቻ ምን ሊከተል ይችላል?

በኪየቭ ናዬም ፓርላማ ሲገባ የሠራበት ጋዜጣ ቀጠለ፤ በ2013 አብሮ የመሠረተው «ህሮማድስኬ» ቴሌቪዥንም ቀጠለ። እሱን ራሱን መልሰው የሚጠይቁ የዜና ክፍሎች ነበሩ። በደሴ የአሚኮና የፋና ኤፍኤም ጣቢያዎች አሉ፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲም ጋዜጠኞችን ያሠለጥናል። ሆኖም የከተማውን ምክር ቤት፣ የኮምቦልቻን ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የሆስፒታሉን ዕቃ ግዥ በቋሚነት የሚከታተለው ሰው ቁጥር ትንሽ ነው። ከዚህ ትንሽ ቁጥር ላይ ደፋሩ ወደ ፖለቲካ ሲሄድ የሚጎድለው የአንድ ሰው ድምፅ ብቻ አይሆንም። የስልክ ቁጥሮቹ፣ የምንጮቹ አመኔታ፣ የትኛው ፋይል የት እንደሚገኝ የሚያውቅበት ልምድ አብረውት ይሄዳሉ።

ስለዚህ ከሚዲያ የመጣ ዕጩ በደሴ መድረክ ላይ ሲቆም ሊጠየቅ የሚገባው ከድፍረቱ በላይ ያለው ነው። የትኛውን መሥሪያ ቤት፣ የትኛውን አሠራር፣ በየትኛው በጀት ሊለውጥ ነው? የጨረታ ሰነዱ ለሕዝብ ይከፈት ሲባል ይደግፋል? የራሱን ሀብት ያስመዘግባል? ከማይኩ ፊት የተነሳውስ መቼ ነው፣ ዕጩነቱ ከመታወጁ በፊት ወይስ በኋላ? እሱ ከሄደ በኋላስ፣ የመልሶ ግንባታው ጨረታ ፖስታ በሚከፈትበት ማለዳ፣ ከተጫራቾቹ ጀርባ ባለው አግዳሚ ላይ ደብተሩን ይዞ የሚቀመጠው ማነው?